አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትዕዛዝ፦ ስለ ዲስአሴምብለር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የራሱን ፕሮሰሰር የነደፈ ሰው ዲስአሴምብለር፣ ማለትም የማሽኑን ቁጥሮች ወደሚነበቡ ትዕዛዞች የሚመልስ ፕሮግራም፣ መጻፉ አይቀርለትም። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ቁጥር ከሁለት ትዕዛዞች ጋር ሲገጥም ነው።

«ሁለት ትዕዛዝ ከገጠመ ሰነዱ ተሳስቷል።»

አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሪስክ-ፋይቭ በተባለው የፕሮሰሰር ትዕዛዞች ስብስብ፣ ባለ16 ቢት (16 የ0 ወይም የ1 አሃዝ) ትዕዛዞች ውስጥ፣ በመደመሪያው ሲ.አድ ቋሚ የሆኑት 6 ቢቶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 10 ቢቶች የሁለት ሬጅስተሮችን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ማከማቻዎች) ቁጥር ይይዛሉ። ሬጅስተር 0 ግን ምንጊዜም ዜሮ ነው፤ ዜሮ መደመር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ነዳፊዎቹ ይህን ክፍት ቦታ ለሌላ ሥራ አዋሉት፦ የሚደመረው ሬጅስተር 0 ከሆነ ትዕዛዙ ወደ ንዑስ ፕሮግራም የሚዘልለው ሲ.ጃልር ይሆናል፤ ሁለቱም 0 ከሆኑ ፕሮግራሙን ለምርመራ የሚያቆመው ሲ.ኢብሬክ። በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት አጻጻፍ) 9002 የሚጻፈው ቁጥር ከሦስቱም ቅርጽ፣ ማለትም ከቋሚ ቢቶቻቸው አቀማመጥ፣ ጋር ይገጥማል፤ ትክክለኛው ንባብ ግን ሲ.ኢብሬክ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ብዙ ቋሚ ቢት ያለው ያሸንፋል።»

ይህ ስሕተት አደገኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ይሰጣልና። ወሳኙ የቢቶቹ ብዛት አይደለም፤ አንዱ ቅርጽ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ማካተቱ ነው። አንዱ ትዕዛዝ ከ0 እስከ 7 ያሉትን ቢቶች፣ ሌላው ከ4 እስከ 15 ያሉትን ቢወስን፣ በጋራ ቢቶቻቸው ላይ ከተስማሙ ይደራረባሉ፤ አንዳቸውም ግን የሌላው ልዩ ሁኔታ አይደሉም። እዚህ ላይ ዳኛው ነዳፊው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ጊድራ የተባለው የፕሮግራም መመርመሪያም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ መካተት ካለ ጠባቡን ይመርጣል፤ ከሌለ፣ እንዲያሳውቅ ከታዘዘ፣ ግጭት ብሎ ያስታውቃል። በትዕዛዞቹ ሰንጠረዥ ቀድሞ የተገኘውን መውሰድ ይህን ግጭት ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

«ቢቶቹ ብቻ ይበቃሉ።»

በኢንቴል ፕሮሰሰር ባለ32 ቢት ሁነታ (የአሠራር ዓይነት) በሄክሳዴሲማል 40 የሚጻፈው ቁጥር በሬጅስተር ላይ አንድ የሚጨምር ትዕዛዝ ነው፤ በ64 ቢት ሁነታ የቀጣዩ ትዕዛዝ ቅድመ ቅጥያ ይሆናል። ሁነታውን ሳያውቁ መፍታት ግምት ነው።

«የሙከራ ፕሮግራሞቼ በትክክል ተነብበዋል።»

ኮምፓይለር፣ ማለትም የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ማሽን ትዕዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም፣ የሚያወጣው ከሚቻለው ጥቂቱን ነው። ትዕዛዙ ባለ16 ቢት ከሆነ ያሉት ቁጥሮች 65,536 ናቸው፤ ኮምፒውተር ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሁሉንም ይሞክራል። የቀረው ከአንድ በላይ ቅርጽ የገጠመባቸውን አውጥቶ ለነዳፊው መስጠት ነው።