«83 እጥፍ ዙም» ምን ማለት ነው?

«83 እጥፍ ዙም ያለው ካሜራ እያለ ለፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ማለትም ብርሃን ተቀባይ ላለው ካሜራ) ያን ሁሉ ብር ለምን?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ እንየው። እጥፉ የርቀት መለኪያ አይደለም፤ የሌንሱ ትልቁ የሚሜ ቁጥር (የትኩረት ርዝመት) ለትንሹ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ኒኮን ፒ900 ከ24 እስከ 2000 ሚሜ ነው፤ 2000 ለ24 ሲካፈል 83። ከ150 እስከ 600 ሚሜ የሚደርሰው ትልቅ ሌንስ ደግሞ 4 እጥፍ ብቻ! እሱን ግን ማንም አይንቀውም።

2000ውም ቢሆን «አቻ» ቁጥር ነው፤ ማለትም በፉል ፍሬም ልክ የተሰላ። እውነተኛው 357 ሚሜ ነው፤ ሴንሰሩ ከትንሿ ጣት ጥፍር ስለሚያንስ የምስሉን መሃል ብቻ ይወስዳል፣ ነገሩም የቀረበ ይመስላል። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሜ ነው፤ በቆዳ ስፋት (ርዝመት በወርድ) የፒ900ው 30 እጥፍ ገደማ።

ቀን ላይ፣ ሐረር ጀጎል ሰማይ ላይ ለሚያንዣብብ ጭልፊት ፒ900 ይበቃል። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ግን እንስሳው ጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ የሚጎድለው ብርሃን እንጂ ዙም አይደለም። ፒ900ን እስከ ጫፍ ሲስቡት የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ከኤፍ 2.8 ወደ 6.5 ይጠባል (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ብርሃኑ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀራል፣ የጅቡ ፀጉርም ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ዙሙን ሳይስቡ ጠጋ ማለት ነው። ፉል ፍሬም ላይ በ50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ይጀምሩ፤ ቁጥሩ እንደ መብራቱ ይለያያል።