ካርቦንን ከአየር መሳብ ምንድን ነው?

በሐረር ጀጎል ግድግዳ በኖራ ሲቀባ ያየ ሰው፣ መጀመሪያ ልብስ ላይ ሲነካካ የነበረው ቅብ ከቀናት በኋላ ጠንክሮ እንደሚገኝ ያውቃል። የሚጠነክረው ውኃው ስለተነነ ብቻ ሳይሆን፣ ኖራው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደተሠራበት የኖራ ድንጋይ ስለሚመለስ ነው። ካርቦንን ከአየር መሳብ የሚባለው ይህንኑ ሥራ በፋብሪካ አቅም ማከናወን ነው።

ከታወቁት አሠራሮች በአንደኛው፣ ትልልቅ ማራገቢያዎች አየሩን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካልና በውኃ ውህድ በራሰ ግድግዳ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ውህዱ የያዘው ካርቦን ወደ ኖራ ተላልፎ እንደ ጠጠር ይረጋል። ጠጠሩ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲጋል ንጹሑን ጋዝ ይለቃል፣ ኖራውም ለሌላ ዙር ይመለሳል። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ምድጃዎችም የኖራ ድንጋይ ሲያግሉ ይኸው ጋዝ ይወጣል፤ ልዩነቱ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ መሄዱ ነው።

የንድፍ ባለሙያውን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ከኬሚስትሪው ይልቅ የአየሩ ብዛት ይመስለኛል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት 420 ያህል ብቻ በመሆናቸው፣ በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚይዘው ከአንድ ግራም በታች ነው፤ አንድ ቶን ለመሰብሰብም፣ ምንም ሳያመልጥ እንኳ፣ 1.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ማሳለፍ ያስፈልጋል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ አየሩን ለመግፋት የሚወጣው ኤሌክትሪክ ትርፉን ይበላዋል፤ ስለዚህ ሰፊና ስስ ሆኖ ይነደፋል። ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችው ሐረር ላይ ደግሞ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ማራገቢያዎቹ ለአንዷ ቶን የበለጠ መድከማቸው አይቀርም።

እስካሁን ከተሠሩት አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው ማሞዝ የተባለ ፋብሪካ የተነደፈው በዓመት እስከ 36,000 ቶን እንዲይዝ ነው። በውህድ ፋንታ ደረቅ ማጣሪያ ይጠቀማል፤ ማጣሪያው ጋዙን የሚለቀው በ100 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከከርሰ ምድር የሚገኘው ሙቀት ይበቃዋል። የተያዘው ጋዝ ከውኃ ጋር ወደ ባዛልት ዓለት ይወርድና ድንጋይ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ ከመትከል በፊት የሲሚንቶውን ጭስ መያዝ ይቀድማል ባይ ነኝ። በጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ በአየሩ ውስጥ ካለው በመቶዎች እጥፍ የበዛ ነው፤ በዚያ ላይ በውህድ የሚሠራው ዓይነት በሞቃትና ደረቅ አየር ብዙ ውኃ ስለሚያተንን፣ ከጉድጓድ ለምትቀዳ ከተማ ሌላ ተሻሚ ይሆናል።