አዲስ አበባ ውስጥ የላንድስኬፕ ሥራ

ላንድስኬፕ፣ ማለትም ግቢና መናፈሻ የመንደፍና የመትከል ሥራ፣ ለብዙ የአዲስ አበባ ሰው አሁንም «ሳርና አበባ» ነው። ሥራው ግን የሚጀምረው ከአፈርና ከውሃ ነው። የክረምት ጎርፍ በየት ይውረድ? እግረኛው በየት ይለፍ? ከሰዓት በኋላ ጥላው የት ይረፍ? ዛፍ የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

ድርጅቶቹ አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ አርክቴክት፣ ዕፅዋት ሳይንስ የተማረ ባለሙያና በልምድ ያደገ አትክልተኛ ይሠራሉ። አርክቴክቱ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ክብ ይሠራና «እዚህ ዛፍ» ይላል። አትክልተኛው «የቱ ዛፍ?» ይለዋል። ክርክሩ የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ ያለችው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አያውቅም። በኮምፒውተር ምስል ያማረው የቆላ ተክል እዚህ ኩምትር ሊል ይችላል። ወይራና የሐበሻ ጽድ ብርዱን ለምደውታል፤ ጣጣቸው ቀስ ብለው ማደጋቸው ነው። ደንበኛው ደግሞ ለምረቃው ቀን የሚደርስ ዛፍ ይፈልጋል።

ሳይት ላይ ትልቁ ራስ ምታት ያለው ከመሬት በታች ነው። የላንድስኬፕ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሕንፃው ሲያልቅ ነው፤ ገንዘቡም አብሮ አልቆ። ቆፋሪው ዶማውን ያነሳል። ሁለተኛው ምት ላይ «ቋ!» ይላል። የብሎኬት ስብርባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የሲሚንቶ ከረጢት። ከላይ አንድ ስንዝር ቀይ አፈር ተነስንሶበታል። እዚያ ላይ የተተከለ ዛፍ አንድ ክረምት ለምለም ይሆንና በጋ ላይ ይጠወልጋል። ስለዚህ ነገሩ የገባው ፎርማን ችግኝ ከመኪና ሳይወርድ ጉድጓዱን ራሱ ያያል። ችግኙ የመጣበት ላስቲክ መቀደዱንም አይቶ ያረጋግጣል። ይቺ ተረስታ የሞተውን ዛፍ ቤት ይቁጠረው!

በቦሌና በሲኤምሲ በኩል ሌላ ፈተና አለ፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በደንብ ካልተሠራበት የእግረኛ ንጣፉንም ያነሳዋል።

ገበያው ባለፉት ዓመታት ተቀይሯል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የለበሰው እንጦጦ ፓርኩን አገኘ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲመጣ ሥራ በዛ፣ ጊዜ አጠረ። ሌሊት በመብራት መትከልም ተለመደ። ለባለሙያው እንጀራ ነው፤ ለችግኙ ግን ጥድፊያው ሁሌ አይመቸውም።

የቢሮው ዓመት በዝናብ ነው የሚቆጠረው። ሰኔ ሳይገባ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ክረምቱን ይተከላል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ይቆምና የውሃ ነገር ይመጣል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ወይ ታንከር ይተከላል፣ ወይ ቦቴ ይጠራል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ድርጅት ዲዛይኑን ብቻ ሸጦ የማይወጣው። የእንክብካቤ ውል ይፈራረማል፤ ማን እንደሚያጠጣ፣ የደረቀውንም ማን እንደሚተካ እዚያው ይጻፋል። ውሉ ከሌለ የውሃ ጎማው ለግቢው ዘበኛ ይሰጣል። እሱም በር ከመክፈትና ከመዝጋት ሲተርፈው ያጠጣል።