መሬቱን ጦም ስላሳደረ ይከፈለዋል የሚባለው ገበሬ

አሜሪካ ገጠር የኖረ ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም፦ «መንግሥት ገበሬውን እንዳያርስ ይከፍለዋል።» ወሬው መነሻ አለው። ሲአርፒ የሚባል የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የእርሻ ሕግ ነው። መንግሥት በቀላሉ የሚሸረሸር የእርሻ መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኮናተርና በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። በዚህ ላይ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ውል የፈረመ ገበሬ መጀመሪያ መሬቱን ሳር ወይም ዛፍ ማልበስ አለበት። ከወጪው መንግሥት የሚሸፍንለት እስከ ግማሽ ድረስ ነው፤ ቀሪው ከኪሱ ይወጣል። አረም ከወረረው ተጠያቂው እሱ ነው። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት እንደፈለገ ማጨድ አይችልም። ውሉን መሀል ላይ ካፈረሰ ደግሞ እስከዚያ የወሰደውን በሙሉ ከነወለዱ ይመልሳል፤ ቅጣትም አለው።

ዋሽንግተን ስቴት ያለውን ዊትማን ካውንቲን እንይ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው)። የስንዴና የምስር አገር ነው። ኮረብታው ቀጥ ያለ፣ አፈሩ ነፋስ ያመጣው፣ እንደ ዱቄት የላመ። ታርሶ ሳለ ብታዩት ግርጌው ጥቁር ነው፣ አናቱ ግን ገርጥቷል። የላዩ አፈር ድሮ ታጥቦ ወርዷል፤ የሚታየው የታችኛው ሸክላ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል፣ በረዶውም ሲቀልጥ ውሃው ተዳፋቱን በጣት የተቦጨረ አስመስሎት ይወርዳል። እዚያው ተዳፋት ላይ ሳር ሥር ከሰደደ ውሃው አፈሩን ይዞ መውረዱ ይቀንሳል። የሚከፈለው ለዚህ ነው።

«መንግሥት መሬቱን ወሰደበት»

አልወሰደም። ባለቤቱ እሱ ነው። መሸጥም ይችላል፤ ገዢው ውሉን ካልተረከበ ግን የወሰደውን የሚመልሰው ሻጩ ነው።

«ዘመድ ያለው ነው የሚያገኘው»

በመደበኛው ምዝገባ ማመልከቻዎች በነጥብ ይወዳደራሉ። መሬቱ ምን ያህል ለመሸርሸር የተጋለጠ ነው? ለውሃው፣ ለዱር እንስሳቱ ምን ይጠቅማል? ገበሬውስ ስንት ጠየቀ? ኪራዩን ዝቅ አድርጎ የጠየቀ ነጥቡ ይጨምርለታል። ጣሪያም አለው፦ ለአንድ ሰው በዓመት ከ50,000 ዶላር አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ ደግሞ የመደበኛውን ምዝገባ ኪራይ ከካውንቲው አማካይ የመሬት ኪራይ 85 በመቶ ላይ ገድቦታል። ጥሩ መሬት ያለው ሰው በዚህ ሂሳብ አይጓጓም።

«ለገጠሩ ሰው ሁሉ በረከት ነው»

ይሄኛውን የሚሉት ደጋፊዎቹ ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ የሚጎዳም ሰው አለ። መሬት ሳር ሲለብስ ዘርና ማዳበሪያ ሻጩ ገበያው ይቀዘቅዛል። ተከራይቶ የሚያርሰው ወጣት የሚያርሰው ያጣል። ሕጉም ይህን አስቦ ነው በአንድ ካውንቲ ከሚታረሰው መሬት በመርህ ደረጃ ከ25 በመቶ በላይ እንዳይገባ የከለከለው። እኔ ፕሮግራሙን እደግፋለሁ፤ ግን ያ ወጣት ሲረሳ ደስ አይለኝም።

«አንዴ ከገባ መሬቱ ዳነ»

ምነው እውነት በሆነ! እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሮግራሙ ውስጥ የነበረው መሬት 36.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር። ከዚያ የእህል ዋጋ ናረ። ውሉ ያለቀበት ገበሬ ሂሳቡን ሠራና ወደ ማረሱ ተመለሰ። አልፈርድበትም፤ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ልጅ ያስተምራል። በ2014 ደግሞ ሕጉ ራሱ ጣሪያውን ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር አወረደው። በ2018 ወደ 27 ሚሊዮን ከፍ እንዲል ተፈቀደ። አሥር ዓመት ሙሉ ሥር የሰደደ ሳር ግን በአንድ ቀን ትራክተር ይገለበጣል። ከ2018ቱ ሕግ ወዲህ የ30 ዓመት ውል መሞከር ተጀምሯል፤ እሱም በዋናነት ወንዝና ሐይቅን ከደለል ለመጠበቅ ነው። እንደ ዊትማን ላለው ገርጣታ ኮረብታ አናትም እንዲህ ያለ ረጅም ውል ቢኖረው እወድ ነበር።