በ0 እና በ1 ስለሚሠሩ የጽሑፍ ጥለቶች የሚነገሩ ስህተቶች

በሀዋሳ የምረቃ ወቅት ሲቃረብ ቲሸርት፣ ኩባያና ባነር ወደምናትም ሰዎች አንድ ዓይነት ትዕዛዝ ይበዛል፤ ተማሪዎች የክፍላቸውን ወይም የከተማዋን ስም «በባይነሪ» ጽፈን፣ በ0 እና በ1 ረድፎች አስጊጠን እንድንሰጣቸው ይጠይቃሉ። ትዕዛዙ ጥሩ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ማብራሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱን በልበ ሙሉነት የሚያስረዱኝ ደግሞ በተለይ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማሩት ናቸው።

ከሁሉም የሚያታክተኝ «አማርኛ በባይነሪ አይጻፍም፤ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል መቀየር አለበት» የሚለው ነው። በዚህ እምነት ምክንያት የሀዋሳ ስም በሰባት የላቲን ፊደላት ይጻፍና በአስኪ ሰንጠረዥ ይቀየራል። አስኪ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ፣ በሰባት ቢት (ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው) 128 ምልክቶችን ብቻ በቁጥር የሚይዝ ሰንጠረዥ ነው፤ የእኛ ፊደል በውስጡ አለመኖሩም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ፊደላትን በቁጥር ለመያዝ የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ካካተተ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር በ16 ቢት ሲጻፍ የከተማችን ስም የሚከተለውን ይመስላል።

ሀ 0001001000000000
ዋ 0001001011001011
ሳ 0001001000110011

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህን ያየ ሰው ወደ ላቲኑ መመለስ የሚፈልግ አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹ ስምንት አሃዞች በሦስቱም ረድፎች አንድ ናቸው። ከሀ እስከ ደ ያሉት ሆሄያት ሁሉ በ00010010 ይጀምራሉ፤ ከጀ እስከ ፐ ያሉት ደግሞ በ00010011። ስለዚህ ማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች በዚህ መንገድ ሲደረደር በግራ በኩል እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ያወጣል፤ በመስመሩ ውስጥ አልፎ አልፎ የምትለወጠው ስምንተኛዋ አሃዝ ብቻ ናት።

የቀኙ ጠርዝ ይበልጥ ያስደስታል። በዩኒኮድ እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች የሆሄውን ድምፅ ይናገራሉ፤ ግዕዝ 000፣ ካዕብ 001፣ ሳልስ 010፣ ራብዕ 011፣ ኃምስ 100፣ ሳድስ 101፣ ሳብዕ 110 ነው። ዋ እና ሳ ሁለቱም በ011 ያለቁት ሁለቱም ራብዕ ስለሆኑ ነው። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን ጠርዝ ማንበብ ይችላል፤ በላቲን ፊደል የተሠራ ንድፍ ይህን አይሰጥም። የከተማዋን ስም በሐመሩ ሐ መጻፍ የሚመርጡም አሉ፤ በባይነሪ የሚለወጠው ከ48ቱ አሃዞች አንዱ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ 0001001000010000 ይሆናል። ስለዚህ የትኛውን ሀ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ከታተመ በኋላ የሚነሳው ክርክር ለማንም አይጠቅምም።

«ኢንተርኔት ላይ ያለው መቀየሪያ 24 አሃዝ ሰጠኝ፤ የአንተ ስህተት ነው» የሚሉኝም አሉ። ስህተት አይደለም። መቀየሪያው የተጠቀመው ዩቲኤፍ-8 የተባለውን፣ ያንኑ የዩኒኮድ ቁጥር በሌላ መልክ የሚጽፈውን አጻጻፍ ነው፤ በእሱ እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት (አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው) ይወስዳል፣ ሀም 11100001 10001000 10000000 ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስህተት የሚሆነው በአንድ ንድፍ ውስጥ ማደባለቃቸው ነው።

«0 እና 1 በራሳቸው ትርጉም አላቸው» የሚባለው ሐሰት ነው። 01000001 በአስኪ የላቲን ኤ ነው፣ በቁጥር 65 ነው፣ በምስል ደግሞ ከስምንት ነጥቦች ሁለቱ የጠቆሩበት መስመር ሊሆን ይችላል።

«ማንም አያነበውም፤ ዝም ብለህ ደርድር» የሚለው ደግሞ ያበሳጫል። ዛሬ ማንም በስልኩ ይፈታዋል። ከኢንተርኔት ተቀድቶ የመጣልኝን አንድ የቲሸርት ንድፍ ፈትቼ ሳየው በእንግሊዝኛ «የናሙና ጽሑፍ» የሚል ሆኖ አገኘሁት፤ ባለቤቱ የፍቅረኛው ስም መስሎት ነበር።

«እንደ ዘ ማትሪክስ ፊልም አረንጓዴ 0 እና 1 ይዝነብ» ለሚሉ፦ በዚያ ፊልም የሚዘንቡት በብዛት የተገለበጡ የጃፓን ካታካና ፊደላት ናቸው።

በግዕዝ ቁጥር ይሠራልን የሚሉም ይመጣሉ። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ፲ን በዜሮ ቦታ ማስገባትም አይቻልም፤ አሥር ነውና። ሆኖም ባይነሪ የሚፈልገው ሁለት የተለያዩ ምልክቶችን ብቻ ስለሆነ ፩ን ከዓይኑ ዐ ጋር ማሰለፍ ምንም ነውር የለውም፤ እንዲያውም ከ0 እና ከ1 ይልቅ ያምራል ባይ ነኝ።

«ባይነሪን ፈረንጆች ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ወሰዱት» የሚለውም ደጋግሞ ይመጣል። የገበሬዎቹ ነው የሚባለው፣ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ ማባዛት እውነተኛና በባይነሪ ሕግ የሚሠራ ስልት ነው፤ እጥፍ ማድረግን መሠረት ያደረገ ማባዛት ግን በጥንት ግብፆችም ዘንድ ነበር። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ላይብኒትዝ ስለ ባይነሪ ስሌት የጻፈውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1703 ነው፤ ከኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ጋር ያገናኘው ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1937 ባዘጋጀው የማስተርስ ጽሑፉ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙዎች 0ን ለጥቁር 1ን ለነጭ አድርገው ፎቶ እንድንሠራላቸው ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን የሁለቱ አሃዞች የቀለም መጠን ስለሚቀራረብ ከሦስት ሜትር ርቀት ሁሉም ግራጫ ይሆናል። ምስሉ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ የአሃዙን ቀለም ወይም ውፍረት ቀይሩ፣ አለዚያም ባዶ ቦታ ተጠቀሙ። ፎንቱ እንደ ኩሪየር ኒው የሁሉም ምልክት ስፋት እኩል የሆነበት ይሁን። በእንዲህ ያለ ፎንት የአንድ ምልክት ቁመት ከስፋቱ እጥፍ ስለሚቀርብ የረድፎቹን ብዛት ከዓምዶቹ በግማሽ ካልቀነሳችሁ የሰው ፊት ይረዝማል።

አሃዞቹን ኤክሴል ላይ አትጻፉ። ፕሮግራሙ እንደ ቁጥር ስለሚቆጥራቸው ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላል፤ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪዎች በየረድፉ 13 አሃዝ ብቻ ያለበትን ንድፍ አምጥተውልኝ ያ የግራው መስመር ፈርሶ አግኝቼዋለሁ። ኤክሴል የግድ ከሆነ ሴሎቹን ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ቴክስት ቀይሯቸው። በቴሌግራም ስትልኩልንም ጽሑፉን ሳይሆን ፒዲኤፉን ላኩ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ረጅም ረድፍ ስለሚታጠፍ የቱ የየትኛው መስመር እንደሆነ መለየት አይቻልም።