ትንበያው «ከባድ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በአሜሪካ ሰፋፊ ሜዳዎች፣ ከቴክሳስ እስከ ዳኮታዎቹ፣ በሞቃቱ ወራት «ከባድ ነጎድጓዳማ ማዕበል» የሚል ማስጠንቀቂያ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። መለኪያው በረዶና ነፋስ ነው። የበረዶው ጠጠር ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ወይም ነፋሱ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። ቶርኔዶ፣ ማለትም ከደመና እስከ መሬት የሚደርስ ኃይለኛ አዙሪት ነፋስ፣ የራሱ ማስጠንቀቂያ አለው።

መብረቅ ግን፣ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ እዚህ መለኪያ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ይሄንን ነው። «ከባድ» ያልተባለ ማዕበልም ሰው ይገድላል! ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል። ወዲያው ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ሙቀቱም ላይ ተጠንቀቁ፤ እርጥበት ታክሎበት «የሚሰማን ሙቀት» ተብሎ የሚነገረው ቁጥር የሚሰላው ለጥላ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊጨምር ይችላል።