ከ911 ጀርባ ያሉት ቀጣናዊ ኮሚቴዎች

አሜሪካ ውስጥ እሳት ሲነሳ፣ ሰው ሲወድቅ ወይም ሌባ ቤት ሲገባ የሚደወለው 911 ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ስልኩን የሚያነሳው አንድ ቢሮ አይደለም። በአገሪቱ ወደ 6,000 የሚጠጉ የጥሪ ማዕከላት አሉ። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት ከተሞችና ካውንቲዎች ናቸው። ካውንቲ ማለት ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ነው። እነዚህን ጎረቤታሞች አስማምተው የሚያሠሩት ቀጣናዊ ኮሚቴዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደወለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ሄይሊቪል ከምትባል የአላባማ ትንሽ ከተማ። ያኔ ስልክ ሁሉ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ነበር። ባለገመድ ስልክ አድራሻው የታወቀ ስለሆነ ጥሪው የት መድረስ እንዳለበት መወሰን ይቻላል። ሞባይል ሲመጣ ግን ነገሩ ተደበላለቀ።

ካንሳስ ሲቲን እንይ። ስቴት ላይን ሮድ የሚባል ጎዳና አለ። በአንዱ በኩል ሚዙሪ፣ በሌላው በኩል ካንሳስ ነው። እዚያ መኪና ተጋጭቶ አንድ መንገደኛ ቢደውል፣ ጥሪውን የሚይዘው የሞባይል ማማ ከመንገዱ ማዶ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ሌላ ክፍለ ግዛት ይነሳል ማለት ነው። ታዲያ ያነሳችው ሠራተኛ «የኛ አይደለም፣ እዚያ ደውሉ» ብላ አትዘጋም። ጥሪውን ወደ ጎረቤት ማዕከል ታስተላልፋለች፣ እስኪነሳም መስመሩ ላይ ትቆያለች፣ የሰማችውንም ትናገራለች። ይህ እንዲሆን ቀድሞ የተስማማ ሰው መኖር አለበት። በዚህ አካባቢ ሥራውን የሚያስተባብረው «ሚድ-አሜሪካ ሪጅናል ካውንስል» የሚባል የካንሳስ ሲቲ አካባቢ ቀጣናዊ ምክር ቤት ነው። በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ ደግሞ 10 ካውንቲዎች የጋራ ቦርድ አላቸው።

በስብሰባዎቹ ላይ የማዕከል ኃላፊዎች፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ይገኛሉ። የካርታ ባለሙያዎችም አይቀሩም። በኔ እይታ ትልቁ ሥራ የነሱ ነው። በኢንተርኔት በሚሠራው አዲሱ የ911 ሥርዓት ጥሪውን የሚመራው ካርታው ራሱ ነው። በሁለት ካውንቲዎች ድንበር መሃል ክፍተት ካለ ቦታው የማንም አይሆንም፤ መስመሮቹ ከተደራረቡ ደግሞ የሁለቱም ይሆናል። አዲስ ሰፈር በተሠራ ቁጥር ካርታው ይታያል፣ ይታረማል። ሥራው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ልቡ ቀጥ ላለ ሰው ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

ሌላው ጉዳይ መጠባበቂያ ነው። አንድ ማዕከል መብራት ቢጠፋበት ወይም ሠራተኞቹ ሕንጻውን ለቀው ቢወጡ ጥሪዎቹ ወደ ማን ይሄዳሉ? መልሱ ቀድሞ ይጻፋል፣ ይሞከራልም። ገንዘቡ በብዛት የሚመጣው በስልክ ሂሳብ ላይ ከሚጨመር ክፍያ ስለሆነ፣ አቅም የሌላቸው ትናንሽ ካውንቲዎች መሣሪያ በጋራ መግዛታቸው ያዋጣቸዋል።

ኮሚቴዎቹ በአብዛኛው አዛዥ አይደሉም። አምቡላንስም አይልኩም። የሚሠሩት በስምምነት ነው፤ አንዱ አባል እምቢ ካለ ነገሩ ይጓተታል። የብሔራዊው የአደጋ ጊዜ ቁጥር ማኅበር መለኪያ ከ100 ጥሪ 90ው በ15 ሰከንድ ውስጥ ይነሳ ይላል፤ ሠራተኛ ያጠረው ማዕከል ግን በስብሰባ ብቻ እዚያ አይደርስም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የሞባይል ድርጅቶች ጥሪውን በማማው ሳይሆን ስልኩ ባለበት ቦታ እንዲመሩ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ሆኖም የቦታው መረጃ አንዳንዴ ይዘገያል። ስለዚህ ስልኩን የሚያነሱት ሰዎች ዛሬም መጀመሪያ የሚጠይቁት «የት ነዎት?» ብለው ነው።